ደሴ ላይ ጭነት ላለመገልበጥ፦ ከኮምቦልቻ የሚነሳ መኪና አደላደል፣ አጫጫንና አዟዟር

ከደሴ አልፋ ያለችውን የሐይቅ ከተማ ዕቃ በሩ ላይ፣ የደሴውን ከጋቢናው ጀርባ አድርጌ የጫንኩበት አንድ ክረምት አለ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ 12 ኩንታል ለማውረድ 37 ኩንታል መንገድ ዳር ደርድሬ፣ ሸራ አልብሼ፣ በዝናብ መልሼ ጫንኩት። አውራጆቹ የሦስት ሥራ ዋጋ ጠየቁኝ። ሥራው ሦስት ነበርና ከፈልኩ።

ብዙ አከፋፋይ ዛሬም እዚያው ላይ ይወድቃል፤ መጀመሪያ ይጭናል፣ መንገዱን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው ሐረጎ ዳገት ላይ ያስባል። ተራው ይህ ነው፦ አቅጣጫ፣ ድልድል፣ የማውረጃ ቅደም ተከተል፣ በመጨረሻ ጭነት። ከታች ያለው መመሪያ መጋዘኑ ኮምቦልቻ ለሆነ፣ ከሁለት እስከ አሥር መኪና ለሚያሰማራ ሰው የተጻፈ ነው። ወረቀት፣ እርሳስ፣ የሜትር ገመድና የእጅ ስልክ ማስያ ይበቃል። ኮምፒውተር ካለ ይቀላል፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም።

ደረጃ 1፦ በዋዜማው ማታ የሚዘጋጅ

1.1 የመኪናውን አቅም ከሊብሬው ላይ ጻፉ። ሾፌሩ ወይም ደላላው «ይችላል» ያለውን አትጻፉ። በዚህ ጽሑፍ 50 ኩንታል የሚል ሊብሬ ያለውን መኪና ለምሳሌ እንይዛለን።

1.2 የመጫኛውን ውስጥ ለኩ። የእኛ ምሳሌ ርዝመቱ 4.4 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ነው፤ ሲባዛ 17.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሙሉውን ግን አትመኑበት። ጆንያ ይነፋል፣ ካርቶን ጥግ ላይ ክፍተት ይተዋል። ከመቶ 85ቱን ያዙ፤ 15 ሜትር ኩብ ገደማ ማለት ነው።

1.3 እያንዳንዱን ትእዛዝ በሁለት ዓምድ ጻፉ፦ ክብደቱን በኩንታል፣ ቦታውን በሜትር ኩብ። ኩንታል ብቻ የሚጽፍ ሰው ፍራሽ ሲመጣበት ይደናገጣል። 1.9 በ1.2 በ0.15 ሜትር የሆነ ስፖንጅ ፍራሽ 0.342 ሜትር ኩብ ይይዛል። 40 ፍራሽ 13.7 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ 10 ኪሎ ቢመዝን ሁሉም ተደምሮ 4 ኩንታል ብቻ ነው፤ መኪናው ግን ከመቶ 91 እጁ ሞላ።

ሁለቱ ዓምዶች እስከ መጨረሻው ለየብቻ ይደመሩ። ሁለቱም ከአቅም በታች መሆን አለባቸው። ሲሚንቶ ክብደቱን ይበላል፣ ቦታውን ይተዋል፤ ፍራሽ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንድ መኪና ላይ ሊስማሙ የሚችሉት ለዚህ ነው፤ ሲሚንቶው ከታች፣ መሃል ላይ ንጹሕ ሸራ፣ ፍራሹ ከላይ።

1.4 የርቀት ሠንጠረዥ ሥሩ። ከመጋዘን እስከ እያንዳንዱ ደንበኛ፣ ከደንበኛ እስከ ደንበኛ። ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር የተለካ ርቀት በወሎ ተራራ ላይ ዋጋ የለውም። በራሳችሁ መኪና ቆጣሪ አንድ ጊዜ ለኩና ያዙት። ከተማ ውስጥ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ደቂቃ ይሻላል። ለምሳሌያችን የተጠጋጉ ቁጥሮች እንውሰድ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ 25፣ ከደሴ ሐይቅ 30፣ ከደሴ ኩታበር 20፣ ከኮምቦልቻ ሐርቡ 20፣ ከኮምቦልቻ ከሚሴ 55፣ ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር።

1.5 ከእያንዳንዱ ደንበኛ ስም ጎን ሱቁ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ መኪናው ደጃፉ ድረስ መድረስ አለመድረሱን ጻፉ። ይህን የሚተው ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያሟላም ከተዘጋ በር ፊት ይቆማል።

ደረጃ 2፦ አቅጣጫ መለየት

ሁለት ደንበኞችን በአንድ መኪና ማድረስ ምን ያህል መንገድ እንደሚያተርፍ በዚህ ቀመር አስሉ፦

ቁጠባ = ከመጋዘን እስከ ሀ + ከመጋዘን እስከ ለ − ከሀ እስከ ለ

ይህ ክላርክና ራይት የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ያሳተሙት ስልተ ቀመር ነው። ሐይቅና ኩታበርን እንሞክር። ሐይቅ ከኮምቦልቻ 55፣ ኩታበር 45፣ በመካከላቸው በደሴ በኩል 50 ነው። 55 + 45 − 50 = 50 ኪሎ ሜትር ይቆጠባል። ሐርቡና ከሚሴ ደግሞ 20 + 55 − 35 = 40።

አሁን ባቲና ሐርቡን ሞክሩ። 40 + 20 − 60 = 0። ደሴና ከሚሴ? 25 + 55 − 80 = 0። ዜሮው የስሌት ስህተት አይደለም። ኮምቦልቻ መገንጠያ ናት፤ የደሴው፣ የባቲውና የከሚሴው መንገድ እንደ ጣቶች ከመዳፏ ይወጣሉ። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ቁጠባው ሁልጊዜ ሁለቱ ደንበኞች እስኪለያዩ ድረስ አብረው የሚሄዱበት መንገድ እጥፍ ነው። ሐይቅና ኩታበር እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር አብረው ይሄዳሉ፤ እጥፉ 50።

ስለዚህ፦

2.1 ትእዛዙን በሦስት ክምር ክፈሉ፦ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ።

2.2 የሁለት ጣት ዕቃ አንድ መኪና ላይ አትቀላቅሉ። ከዚህ ውጭ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጥቂት ሆነው አንድ መኪና ማሰማራት ከቻላችሁ። ያኔም መኪናው ኮምቦልቻ ተመልሶ ስለሚያልፍ የሁለተኛውን ጣት ዕቃ መጋዘን ትታችሁ በመመለሻው ጫኑት። በከንቱ ሐረጎን ወጥቶ የሚወርድ የባቲ ዕቃ ነዳጅ ከመብላት ሌላ ሥራ የለውም።

ደረጃ 3፦ ድልድል፦ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው መኪና

ለነገ በሰሜን በኩል ስምንት ትእዛዝ አለ እንበል። ደሴ 28፣ 22፣ 14 እና 12 ኩንታል፤ ሐይቅ 21 እና 16፤ ኩታበር 17 እና 15። ድምሩ 145።

3.1 መጀመሪያ ወለሉን፣ ማለትም ከዚያ በታች ሊሆን የማይችለውን የመኪና ቁጥር እወቁ። 145 ለ50 ሲካፈል 2.9 ነው። ከሦስት መኪና በታች በምንም ዘዴ አይቻልም። በሦስት ከጨረሳችሁ የመኪና ቁጥር ለመቀነስ ሌሊቱን አትቀመጡ።

3.2 ትእዛዙን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። በስልክ በደወሉበት ቅደም ተከተል የመመደብ ልማድ የሚያስከፍለውን ተመልከቱ። ትእዛዙ 12፣ 15፣ 17፣ 28፣ 14፣ 21፣ 16፣ 22 ሆኖ ቢገባና እያንዳንዱን ቦታ ባለው የመጀመሪያ መኪና ላይ ብታደርጉ፣ አንደኛው 44፣ ሁለተኛው 42፣ ሦስተኛው 37 ይይዛል። የመጨረሻው 22 ኩንታል ቦታ ያጣል። አራተኛ መኪና ይከራያል።

3.3 አሁን ከትልቁ ጀምሩ። 28 አንደኛው ላይ፤ 22 እዚያው ይገባል፣ 50 ሞላ። 21 ሁለተኛው ላይ፤ 17 ይከተላል፣ 38። 16 አይገባም፣ ሦስተኛ ይከፍታል። 15 እና 14 ሦስተኛው ላይ፣ 45። 12 ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለተኛውን 50 ያደርገዋል። ሦስት መኪና በቃ። ዘዴው ሁልጊዜ ምርጡን አያመጣም፤ ግን ስህተቱ ድንበር አለው፦ ምርጡ ድልድል 9 መኪና ቢሆን ይህ ከ11 አይበልጥም።

3.4 አትቸኩሉ፤ ይህ ድልድል ስለ መንገድ አያውቅም። ሁለተኛው መኪና ከሐይቅ 21፣ ከኩታበር 17 ይዟል። ሦስተኛውም ከሐይቅ 16፣ ከኩታበር 15። ሁለቱም መኪኖች ሐይቅ ሄደው፣ ደሴ ተመልሰው፣ ኩታበር ሊወጡ ነው፤ እያንዳንዱ 150 ኪሎ ሜትር። 17ቱን ከ16ቱ ጋር ለዋውጡ። ሁለተኛው መኪና 49 ኩንታል ይዞ ሐይቅ ብቻ ደርሶ ይመለሳል፣ 110። ሦስተኛው 46 ኩንታል ይዞ ኩታበር ብቻ፣ 90። አንድ መስመር በእርሳስ በመሰረዝ 100 ኪሎ ሜትር ቀረ።

እኔ ከዚህ ይልቅ በደረጃ 2 ቀመር መጀመር እመርጣለሁ። ትልቁ ቁጠባ ያላቸውን ጥንዶች ቀድማችሁ አጣምሩ፤ ሁለቱ የሐይቅ ትእዛዞች (110)፣ ሁለቱ የኩታበር (90)። የቀረው ሁሉ 50 ነው፣ እኩል ነው። ወጥመዱ እዚህ አለ። እኩል ሲሆን እንደ መጣላችሁ ብታጣምሩ፣ ለምሳሌ የደሴውን 28 ከ12፣ 22ን ከ14 ብታደርጉ፣ አራት መኪና ይሆናል። ቁጠባ ሲተካከል ትንሹን ባዶ ቦታ የሚተወውን ጥንድ ቅደሙ፦ 28 ከ22 (ባዶ 0)፣ የሐይቅ 37 ከ12 (ባዶ 1)፣ የኩታበር 32 ከ14 (ባዶ 4)።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሁሉ የተሠራው በክብደት ነው። ስትጨርሱ የቦታውን ዓምድ ደምሩ። ከ15 ሜትር ኩብ ያለፈ መኪና ካለ ቀላልና ሰፊ የሆነውን ትእዛዝ ከባድና ጠባብ ከሆነው ጋር ለዋውጡ።

ደረጃ 4፦ የማውረጃ ቅደም ተከተል

4.1 የሐይቁ መኪና የያዘው የደሴ 12 ኩንታል ሲሄድ ይውረድ ወይስ ሲመለስ? ሲሄድ ከወረደ 12 ኩንታል 60 ኪሎ ሜትር ያለ ጥቅም አይሸከምም። ግን መኪናው ከኮምቦልቻ ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ ሱቁ 2 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ ደሴ ላይ ቆሞ ከመጠበቅ ሐይቅ ደርሶ መመለስ ይሻላል። የትኛውም ይሁን፣ ውሳኔው ዛሬ ማታ ነው። ነገ ጠዋት ከተወሰነ የመግቢያው ታሪክ ይደገማል።

4.2 ከተማ ውስጥ ብዙ ማውረጃ ሲኖር በአቅራቢያ ካለው ወደ ቀጣዩ ቅርብ እየሄዳችሁ የመጀመሪያ ተራ አውጡ። ይህ ጅምር እንጂ መልስ አይደለም። ሁልጊዜ አንዱን ሩቅ ደንበኛ ለመጨረሻ ያስተርፋል።

4.3 ነጥቦቹን ወረቀት ላይ አስቀምጡና በመስመር አያይዙ። መስመሮቹ የተጠላለፉበት ቦታ ካለ በመካከላቸው ያለውን ክፍል ገልብጡት። ከሸዋ በር ሆጤ፣ ከሆጤ ሮቢት፣ ከሮቢት ሰኞ ገበያ የሚል ተራ ከነበረ፣ ሆጤና ሮቢትን አገለባብጣችሁ ደቂቃውን ደምሩ። ካነሰ ያዙት፤ ካልሆነ መልሱት። የሚያሻሽል ግልበጣ እስኪጠፋ ቀጥሉ። በመልክ አትፍረዱ፤ ደሴ ላይ ወረቀት ላይ የሚያምር መስመር ዳገት ሊሆን ይችላል።

4.4 ሰኞ ደሴ የገበያ ቀን ናት። ገበያው አካባቢ ያለውን ደንበኛ ሕዝቡ ሳይሞላ አንደኛ አድርጉ፣ ስሌቱ ሌላ ቢልም።

4.5 የሁለት ተራ ጊዜ ሲቀራረብ ከባዱን ቀድሞ የሚያወርደውን ምረጡ።

ደንበኞቹ ከሠላሳ በላይ ሲሆኑ እርሳሱ ይደክማል። ያኔ ጉግል በነጻ የለቀቀውን ኦር ቱልስ የተባለ የኮምፒውተር ማስያ ፕሮግራም የሚያውቅ ወጣት ፈልጉ። የሚሰጠው መልስ ግን ከገባበት ሠንጠረዥ አይሻልም፤ የማውረጃ ደቂቃ ሳታስገቡ መንገድ ብቻ ከሰጣችሁት በቀን ሃያ ሱቅ አዳርሱ ይላችኋል።

ደረጃ 5፦ ወለሉን መሳልና መጫን

5.1 የመኪናውን ወለል ወረቀት ላይ ሳሉ። የመጨረሻው ደንበኛ ከጋቢናው ጀርባ፣ የመጀመሪያው በር ላይ። ለመጋዘን ያዡ የምትሰጡት ዝርዝር የተገለበጠ ይሁን፤ ከላይ የተጻፈው ቀድሞ የሚገባው ነው። ሁለት ዝርዝር፣ አንዱ ለመጋዘን አንዱ ለሾፌር፣ በተለያየ ቀለም ወረቀት ብታትሙ ግራ መጋባቱ ይቀንሳል።

5.2 ስፖንዳው (የመጫኛው ግድግዳ) በጎን የሚወርድ ክፍት መኪና ከሆነ ነጻነት አላችሁ፤ ሁለት ደንበኛን ጎን ለጎን፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ ማድረግ ይቻላል። ግን የቀኙን ካወረዳችሁ በኋላ የግራው ብቻውን እንዳይቀር። ያዘነበለ መኪና ሐይቅ መንገድ ጠመዝማዛ ላይ አያምርም።

5.3 የካርቶን አቀማመጥን አስሉ። 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ረጅም ጎኑን በመኪናው ርዝመት ብታደርጉ 11 በ6፣ 66 ይገባል። ብታዞሩት 14 በ5፣ 70። ሁለቱን ቀላቅሉ፦ ከስፋቱ 1.2 ሜትሩን በመጀመሪያው መንገድ (4 በ11፣ 44)፣ የቀረውን 80 ሴንቲ ሜትር በሁለተኛው (2 በ14፣ 28)። ድምር 72። ስምንት ረድፍ ከፍታ ካለው ከመጀመሪያው በ48 ካርቶን ይበልጣል። ጫኞቹ ይህን በራሳቸው አያደርጉትም፤ የመጀመሪያውን ረድፍ አብራችሁ ቆማችሁ አስይዙ፣ ሌላው ይከተላል።

5.4 ካርቶን ጥንካሬው ጥጉ ላይ ነው። የታችኞቹን ረድፎች ጥግ በጥግ፣ አንዱን በአንዱ ልክ ላይ ደርድሩ። እንደ ጡብ እያቆራረጡ መደርደር ክምሩን ከመንሸራተት ይይዘዋል፣ ካርቶኑን ግን ያደክመዋል። ስለዚህ የላይኛውን ረድፍ ብቻ አቆራርጡ።

5.5 የዘይት ጀሪካን ቆሞ፣ ክዳኑ ወደ ላይ። ሳሙናና ነጭ ጋዝ ከዱቄት ጋር አይጎራበቱ፤ ሽታው ከዱቄቱ አይወጣም፣ ደንበኛውም ከእናንተ ጋር አይቆይም።

5.6 ክፍተቱን ሁሉ በባዶ ጆንያ ወይም በአሮጌ ጎማ ሙሉ።

ደረጃ 6፦ ክብደቱ የት እንዳረፈ መመርመር

የእያንዳንዱን ክምር ክብደት ከኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያያይዘው ብረት) ባለው ርቀት አባዙ። ከአክስሉ ወደ ጋቢና ያለው መደመር፣ ወደ በሩ ያለው መቀነስ ነው። ውጤቱን ለጠቅላላ ክብደቱ አካፍሉ።

የሐይቁ መኪና፦ 21 ኩንታል 2.4 ሜትር ከፊት፣ 16 ኩንታል 1 ሜትር ከፊት፣ የደሴው 12 ኩንታል 0.8 ሜትር ከኋላ። 50.4 + 16 − 9.6 = 56.8፤ ለ49 ሲካፈል 1.16 ሜትር። በሁለቱ አክስሎች መካከል 3.8 ሜትር ከሆነ ከጭነቱ ከመቶ 30 ገደማው በፊተኛው ላይ ያርፋል፤ 15 ኩንታል።

ደሴ ላይ 12ቱ ሲወርድ ፊተኛው ይቀልለዋል ትላላችሁ። አይቀልለውም፣ ወደ 17.5 ኩንታል ይወጣል። ከአክስሉ ኋላ የነበረው ክብደት መኪናውን እንደ ሚዛን ወደ ላይ ያነሳ ነበር። ስለዚህ ስሌቱን ሲነሳ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ማውረጃ በኋላ ድገሙትና የፊተኛው አክስል ከተፈቀደለት አለማለፉን እዩ።

ተቃራኒው የባሰ ነው። የ50 ኩንታል ጭነት መሃሉ ከኋላው አክስል ግማሽ ሜትር ወደ በሩ ቢያልፍ ከፊት ጎማዎች ላይ 658 ኪሎ ይነሳል። ሐረጎ ዳገት ላይ ሲወጣ ደግሞ ክብደቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሪው ቀለለኝ ያለ ሾፌር ይቁም። አይበረታታ፣ አይከራከር፣ ጭነቱ ወደ ፊት ይገፋ።

ሸራና ገመድ ከታሰረ በኋላ መኪናው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ሜዳ ቦታ ላይ ታኮ አድርጎ ገመዱ እንደገና ይጥበቅ። ጭነት መጀመሪያ የሚረጋው መንገድ ላይ ነው።

ሲበላሽ

*ከጫናችሁ በኋላ አዲስ ትእዛዝ መጣ።* መንገዱ ላይ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ክብደቱና ቦታው ከበቃ በሩ ላይ ጨምሩት፤ ደረጃ 6ን ድገሙ። መሃል ላይ የሚገባ ከሆነ ለነገ ይደር። ለ2 ኩንታል ብላችሁ መኪና አትገልብጡ።

*ሚዛን ላይ ከአቅም በላይ ሆነ።* ከዝርዝሩ ላይ ከትርፉ እኩል ወይም ጥቂት የሚበልጠውን ትእዛዝ ፈልጋችሁ እሱን ብቻ አውርዱ። ከየሁሉም ትንሽ ትንሽ መቀነስ ሁሉንም ደንበኛ ያስቀይማል፣ ሰነዱንም ያበላሻል። ከዚያ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ 100 ኪሎ ነው የተባለ ጆንያ 100 ኪሎ አይደለም።

*የመጀመሪያው ደንበኛ ሱቁ ዝግ ነው።* 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ደውሉ። ካልመጣ ዕቃው በር ላይ ስለሆነ የሚቀጥለውን ይዘጋል። አማራጩ ሁለት ነው፦ በስፖንዳው ጎን ማውረድ፣ ወይም ያንን ክምር ወደ አንድ ጎን ገፍቶ መተላለፊያ መክፈት። ለዚህ ሲባል በር ላይ ያለው ክምር የመኪናውን ሙሉ ስፋት ባይዘጋ ይመረጣል፤ 50 ሴንቲ ሜትር የምትተርፍ ቦታ ካለች እዚያ አስቀሯት፣ ዕቃው እንዳይናድ ጎኑን በገመድ ያዙት።

*ሐረጎ ላይ መኪናው ቆመ።* ታኮ ከኋላ ጎማ ሥር፣ ምልክት ከኋላ ራቅ ብሎ። ሊያግዝ የሚመጣው መኪና ኋላውን ወደ በሩ አስጠግቶ ዕቃ ሲያዛውር ተራው ይገለበጣል፤ ከመጀመሪያው መኪና ቀድሞ የወጣው ሁለተኛው ላይ ከጋቢናው ጀርባ ይገባል። ስለዚህ ሾፌሩ ተራውን ከመጨረሻው ደንበኛ ወደ መጀመሪያው አድርጎ ይሂድ። የሐይቁ ከሆነ መጀመሪያ ሐይቅ፣ የደሴው በመመለሻ፤ ለደሴው ሰው ቀድሞ ይደወልለት።